ባዶ ሣጥን ዜሮ አይደለም

ለመሆኑ እርስዎ፣ አንባቢው፣ ዓይንዎ ያላየውን ነገር ቁጥር ሰጥተው ጽፈው ያውቃሉ? ዊኒፍሬድ ታፕሰል በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልጻፈችም።

አባቷ ዕድሜ ልኩን በፈንጂ ሲያፈርሰው በኖረው የጠመኔ ድንጋይ ካባ ውስጥ፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም፣ በየሳምንቱ በዚያው በአንዱ መንገድ እየሄደች ቢራቢሮ ትቆጥራለች። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ነፋሱ ጋብ ብሎ፣ ከፊቷ አምስት ሜትር ውስጥ ያለው ብቻ ይቆጠራል። ከኋላዋ የበረረ አይጻፍም። ከዘነበ ደግሞ ጉዞ የለም፤ በመዝገቧ ላይ የዚያ ሳምንት ሣጥን ባዶውን ይቀራል።

ጉዱን ያመጣው ያ ባዶ ሣጥን ነው። የመንደሩ ምክር ቤት ካባውን ለም አፈር ሞልቶ ዛፍ ሊተክልበት ተነሣ። ዛፍ ማን ይጠላል? ነገር ግን ትንሿ ሰማያዊ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው በአንዲት ቢጫ አበባ ላይ ብቻ ነው፤ አበባዋም የምትወደው የተራቆተ ጠመኔ እንጂ ለም መሬት አይደለም፤ እዚያ ሣር ይውጣታል። ምክር ቤቱ የቀጠረው ባለሙያ የዊኒፍሬድን መዝገብ ወስዶ፣ ዝናብ የጣለባቸውን ሦስቱን የሰኔ ሳምንታት ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ብሎ ሞላና «ቢራቢሮዋ ከካባው ጠፍታለች» ሲል ለመንደሩ በተበተነ ወረቀት ደመደመ። ቢሮ ተቀምጦ! ጫማው ጠመኔ ሳይነካው!

ምክር ቤቱ ጉዳዩን ለመወሰን ሕዝቡን ከጠራበት ስብሰባ በፊት በነበረው ቀን ሰማዩ ጠራ። ዊኒፍሬድ ጡረታ ከወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ከጎረቤቷ ከሴድሪክ ጋር ወደ ካባው ወረደች።

«ስሚኝማ ዊኒ፣» አለ ሴድሪክ ሳንድዊቹን እያኘከ፣ «እነዚያን ሦስት ሣጥኖች አሥር አሥር ብለሽ ብትሞያቸውስ? ማን ያይሻል?»

«እኔ አያለኋ!»

«ግትር! ቁርጥ አባትሽን።»

«አባቴን ብሆንማ እስካሁን አንተን በፈንጂ አንሥቼህ ነበር። ዞር በል፣ አበባውን ረገጥከው።»

መራመድ ጀመረች። አንድ። ሦስት። ሰባት። ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ፣ ጥቁር ክንፋቸው ላይ ሰማያዊ አቧራ የተነሰነሰባቸው።

«ከኋላሽ! አራት! ኧረ አምስት ናቸው!» ጮኸ ሴድሪክ።

«የኋላው ለኋላ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ ሰው ነሽ ወይስ ፍርድ ቤት?»

አልዞረችም። መንገዱ ሲያልቅ እርሳሷ አርባ አንድ ላይ ቆመ። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ቁጥር ጽፋ አታውቅም። ቀና ብላ ነጩን ገደል አየችው። ሰው ቆፍሮ፣ ቦርቡሮ፣ ጨርሶ የጣለው ድንጋይ ይህን ሁሉ ነፍስ አቅፎ ይዟል፤ ያን የሚያውቅ መዝገብ ደግሞ የእሷ ነው። ደረቷ ሰፋ።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዊኒፍሬድ ተነሥታ ቁጥሯን ተናገረች። ሊቀመንበሩ ሚስተር ግሪንሊ ሰዓቱን አየት አደረገ።

«ወይዘሮ ታፕሰል፣ እናመሰግናለን። መልሱን በደብዳቤ እናሳውቅዎታለን።»

አልተቀመጠችም። መዝገቧን ይዛ እስከ ጠረጴዛው ሄደችና ፊቱ ዘረጋችው።

«ደብዳቤዎን እዚያው ያቆዩት። ዜሮውን የጻፋችሁት ለሕዝብ በተሰራጨ ወረቀት ነው፤ መልሱም በሕዝብ ፊት ይሁን። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ካባው ውስጥ የወረደው ማን ነው? የለም ብሎ ያየው የማን ዓይን ነው? ጎረቤቶቼ ሁሉ እየሰሙ፣ አሁኑኑ፣ በዚህ ማይክሮፎን ስሙን ይንገሩን!»