የፍሬቻ ግራ ዓይን

የከባድ መኪና ሹፌሩን የሚያውቀው ሁሉ "ፍሬቻ" ይለዋል። ውሸት ሊጀምር ሲል ግራ ዓይኑ እንደ መኪና መታጠፊያ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። አንድ ጊዜ ፍሬኑ የከዳው ተሳቢ ቁልቁለቱን ሲምዘገዘግ፣ በመስኮት ዘሎ ወርዶ፣ መኪናውን ሮጦ ቀድሞ፣ በትከሻው ደግፎ እንዳቆመው የማለ ሰው ነው። መኪናው አመስግኖኛል ማለቱ ብቻ ነው የቀረው።

በዚያ ሳምንት ግን ግራ ዓይኑ በግማሽ ተከድና ቀረች። ጉንጩ እንደ ጎማ ተነፋ። ከአፍንጫው ጥቁር ደም ቢጤ ይወርዳል፤ ግንባሩን ከውስጥ አንድ ሰው በመዶሻ ይደበድበዋል። ስኳር አለበት፤ መርፌውን ከተወ አሥር ቀን ሆኖታል። "መንገድ ላይ ማን መርፌ ይወጋል!" ባይ ነው።

ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ገና ሲያየው፣ "ምነው፣ ፍሬቻህ ተቃጠለ እንዴ?" አለና በራሱ ቀልድ ተንከተከተ። ቤት ሲገባ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱም ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ "ደግሞ ዛሬ ምን ልትዋሸኝ ነው?" አለችው።

"ምን አልኩ? አፌንም አልከፈትኩ!"

"ዓይንህ ጀምራለቻ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ጥርሴን ነው ያመመኝ።"

"በል እንግዲያው ተነስ፣ ጤና ጣቢያ!"

እሷ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች፤ እሱ ገባ። ነርሷ ቀኝ ዓይኑን በካርቶን ከለለችና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ በዘንግ እየነካች፣ "እግሩ ወዴት ነው፣ ጋሼ?" አለችው።

ይህን ሰሌዳ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ሦስት እግር ያለው ምልክት ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድሮበታል፤ መንጃ ፈቃድ የሚያሳድስ ሰው እግሩ ወዴት እንደዞረ ይጠየቃል። የትም ተሂዶ ሰሌዳው ያው ስለሆነ፣ ሹፌሮቹ ወረፋ ላይ እየተቀባበሉ እንደ መዝሙር ሸምድደውታል።

ፍሬቻ በግራ ዓይኑ ሰሌዳውን ይቅርና ግድግዳውንም አያይም። ጨለማ ነው። ግን "አይታየኝም" ቢል፣ የሃያ ሁለት ዓመት መንጃ ፈቃዱ ከኪሱ ተንሸራቶ የሚወድቅ መሰለው። ዘንጉ ቷ ባለ ቁጥር ምላሱ በራሷ ሮጠች፦ "ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ፣ ግራ..."

"ዓይንዎ እንኳን ጎበዝ ነው" አለች ነርሷ። "ስኳርዎስ?"

"ዛሬ ጠዋት ተለክቼ ልኩ ነው።"

የሳይነስ ኪኒን ይዞ ወጣ።

ቤት ከገባ በኋላ መቀመጥ የለ፣ መተኛት የለ። ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር። ጫማ አጥልቆ ያወልቃል። የበሩን መቃን በግራ ትከሻው ይገጨዋል፤ መቃኑን ይሰድበዋል። በሁለተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ ውሃ ቀዳ፤ ውሃው ከብርጭቆው ጎን ፈሰሰ። ሚስቱ ጨርቁን ጣል አድርጋ ተነሳችና ቀኝ ዓይኑን በመዳፏ ሸፈነችው።

"በሌላው እጄ ምን ይዣለሁ?"

"መቀስ" አለ ፈጠን ብሎ። ሌላ ምን ትይዛለች?

"እጄ ባዶ ነው።"

መዳፏን ከዓይኑ ላይ አነሳች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሰኞ።"

"ነርሷ ደህና ነው ብላ የለም እንዴ?"

"በቃሌ ነው ያነበነብኩላት።"

አልጮኸችም፤ ይሄ ነው ያስደነገጠው። "አፍህን ክፈት፣ ጥርሴን አላልክም?" አለች። ላንቃው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ነጠላ ጫማዋን እንኳን ሳትቀይር ሆስፒታል አደረሰችው።

እዚያም ያው ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቀኝ ዓይኑ ሲከለል ምላሱ "ቀኝ" ልትል ጫፍ ላይ ደርሳ አሳከከችው። ሚስቱ ከኋላው ስትተነፍስ ይሰማዋል።

"አይታየኝም" አለ። "የመብራቱ ብርሃን ራሱ አይታየኝም።"

ሐኪሟ አፉንና አፍንጫውን አየች፤ ናሙና ወሰደች፤ የደሙ ስኳር ተለካ፣ ራጅ ተነሳ። ስትመለስ እየተጣደፈች ነበር።

"ፈንገስ ነው፤ አፈሩም አየሩም ውስጥ ያለ ሻጋታ። ሁላችንም እንስበዋለን፣ ምንም አይለንም። ስኳሩ ከልክ ያለፈ ሰው ሲያገኝ ግን አልፎ አልፎ ሥጋና አጥንት ሰብሮ ይገባል። ግራ ዓይንዎን ይዞታል፤ ዓይኑን አሁን ካላወጣነው ወደ አንጎልዎ ይሄዳል።"

"ከሁለት ቀን በፊት ብመጣ ኖሮስ?"

"ምናልባት ይተርፍ ነበር። ማወቅ አልችልም።"

"ተሳቢ መንዳትስ?"

"በአንድ ዓይን አይሆንም።"

የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት ተቀብሎ ፈረመ፤ ፊርማው ከመስመሩ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ሄደ።

ግራ ዓይኑ በወጣ በስድስተኛው ቀን ሐኪሟ ቀኝ ዓይኑ መትረፉን፣ ሻጋታውም ወደ አንጎል አለመዝለቁን ነገረችው፤ መድኃኒቱ ግን በደም ሥሩ ለሳምንታት ይቀጥላል። ተኛ ቢሉት አልተኛም። የመድኃኒቱን መስቀያ እየገፋ ኮሪደሩን ይመላለሳል፤ ግራ ትከሻው ከግድግዳው ጋር ይጋጫል።

"ግድግዳው ነው የመጣብኝ" አለ።

ሚስቱ በቀኙ ነበረች። ዞራ በግራው ገባችና ክንዱን ያዘች።

"የት ጠፋሽ?" አለ ተደናግጦ።

"እዚሁ ነኝ፤ አንገትህን አዙር።"

አዞረ፤ አያት። ከዚያ መስቀያውን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ገፋው፤ እሷም በእሱና በግድግዳው መካከል ሆና ተከተለችው።