ሁለት ጠቋሚ

ዳርላ አለት እንዲነክስላት የጂፗን የመጨረሻ ጎማ እያስተነፈሰች ሳለ ሽማግሌው የጫካው በር ጠባቂ ኸርሸል ከጎጆው ወጥቶ ጂፑን አንድ ዙር ዞረው። ከኋላው ሌላ መኪና ፈልጎ አጣ።

"ከማን ጋር ነው የመጣሽው?"

"ከእግዜር ጋር።"

"እሱ መጎተቻ ገመድ የለውም። ብቻውን የመጣ መኪና ከታችኛው ሜዳ አያልፍም፣ ልጄ። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም።"

ደንቡን ዳርላም ታውቀዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ የቴነሲ ጫካ፣ በዚሁ ጂፕ፣ ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጣ በመኪና አለት ለሚወጣው ባሏ ለራንዲ ሳንድዊች ስታቀብል ኖራለች። ራንዲ መሪ አስነክቷት አያውቅም። እሷ እኮ በሥራዋ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ የሰው ልጆች ጭና በበረዶ ቀን ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ ትወርዳለች። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ራንዲ "የሴት እግር ፍሬን እንጂ ነዳጅ አያውቅም" ይላል፣ ጓደኞቹ ይስቃሉ፣ እሷም ሞኟ አብራ ትስቃለች። ሲፋቱ ቤቱ ለእሱ፣ ጂፑ ለእሷ ደረሰ። ዛሬ የመጣችው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አማት" የሚሉትን አለት ራሷ ነድታ ልትወጣው። ስሙን ያወጡለት ማንም ሄዶ ሳይሰደብ ስለማይመለስ ነው።

"ላይ ማን አለ?"

ኸርሸል ጢሙን አከከ። "ራንዲ። ከ... ከልጅቷ ጋር። ሌላው ዝናብ ፈርቶ ቀርቷል።"

"እንግዲያው ከእነሱ ጋር ነኝ።"

"ዳርላ፣ ነገር ፍለጋ ነው የመጣሽው?"

"አለት ፍለጋ ነው" አለችና ሞተሩን አስነሳች።

ራንዲ ከአለቱ ሥር ቀይ ፒክአፑን ተደግፎ ቢራ ይጠጣል። ብሪያና የእሱን ጃኬት ደርባ አጠገቡ ቆማለች። ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነው። ሁለት ዓመት የዳርላ አውቶቡስ ረዳት ነበረች፤ ዳርላ ቤት እራት በልታለች፣ ዳርላ የልደት ኬክ ጋግራላታለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

"ኧረ እዩ፣ እዩ!" አለ ራንዲ። "አውቶቡሱን የት ጥለሽው መጣሽ?"

"አለቱን ልወጣ ነው። ብሪያና ትጠቁመኝ።"

"እሷ? ግራና ቀኟን ሳትለይ! እኔ እጠቁምሻለሁ። ያንን መኪና ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ከአንቺ ይልቅ ከእሱ ጋር ተስማምቼ ነው የኖርኩት።"

አለት የሚወጣ ሹፌር ከኮፈኑና ከሰማዩ በቀር የሚያየው የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ከፊቱ ቆሞ በእጁ ይጠቁመዋል፤ ሹፌሩ ያንን እጅ ብቻ ያያል። አንድ ሹፌር፣ አንድ ጠቋሚ። እናትህ ከጎን ሆና ብትጮህ እንኳ ዞር አትልም፤ ሁለት እጅ ያየ ይገለበጣል። ይህንን ሕግ እዚያ ጫካ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ዳርላ መመለስ ትችል ነበር። እልህ ግን ምላጭ ያስውጣል። ቀበቶዋን አጠበቀችና ከባዱን ማርሽ አስገባች።

እስከ ግማሽ ድረስ ራንዲ በደንብ ጠቆማት። ቀኝ፣ ቀጥ፣ ነይ፣ ነይ። ጎማዎቹ አለቱን ሲነክሱት በእግሯ ሥር ተሰማት፤ ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች። እንዲህ ነው እንዴ? ይህንን ነበር እንዴ የደበቀኝ?

ከዚያ የራንዲ እጅ ግራ አለ። እንደገና ግራ። የአለቱን ቀኝ ጎን እያንዳንዷን ስንጥቅ ታውቃለች፤ ግራውን ግን ከቀኝ ወንበር አይታው አታውቅም። እጁን አመነችና ወደ ግራ ጠመዘዘች።

ከራንዲ ትከሻ ኋላ የብሪያና እጅ ከፍ አለ። ጡጫ። ቁሚ ማለት ነው።

ማየት አልነበረባትም፤ አየች። ፍሬኑን ረገጠችው። የግራው የፊት ጎማ አየር ላይ ተንጠለጠለ፣ አንድ ድንጋይ ተፈንቅሎ ወደቀ፣ ከታች ሲያርፍ የሰማችው ከቆየ በኋላ ነው።

"ምን ገተረሽ? እኔን እይ እንጂ!" ብሎ ጮኸ ራንዲ። ዓይኗን ተከትሎ ዞረና የብሪያናን ጡጫ አየው። "ማነው አንቺን ጠቁሚ ያለሽ?"

"ልትገለበጥ እኮ ነበር፣ ራንዲ!"

"ብትገለበጥስ? ቀበቶ አላት፣ የጣሪያ ብረት አላት። ቢበዛ ጥርስ ቢሰበር ነው!" ሳቀ። "እኔ ያልነዳሁትን ጂፕ ማንም አይነዳውም።"

ዳርላ ጂፑን ወደ ኋላ መለሰችው፣ መሪውን ወደምታውቀው ቀኝ ጎን አዞረች፣ ያለማንም ጠቋሚ አለቱ ጫፍ ላይ ደረሰች። የሚያጨበጭብ አልነበረም። ደስታው የጠበቀችውን ያህል አልሆነም፤ ቁጣው ቦታውን ሁሉ ይዞታል። ከታች የራንዲ ስድብ፣ ቀጥሎም የፒክአፑ በር ሲላተም ተሰማት።

በአለቱ ጀርባ ባለው መንገድ ስትወርድ ዝናቡ ጀመረ። ብሪያና በስስ ጫማ ጭቃውን እየረገጠች ትሄዳለች፤ ራንዲ "ጠቋሚ ከሆንሽ ለእግርሽ ጠቁሚለት" ብሎ ጥሏት ሄዷል።

"ሚስ ዳርላ፣ እስከ በሩ ብቻ ያድርሱኝ። እባክዎ።"

ዳርላ ቆመች፤ ሞተሩን ግን አላጠፋችም። "አትርፈሽኛል። አመሰግናለሁ።"

"ምንም አይደል..."

"ይመታሻል?"

ብሪያና የጃኬቱን እጅጌ ወደ ታች ሳበች።

"እኔንም ይመታኝ ነበር" አለች ዳርላ። "ከእሱ ጋር የገባሽ ጊዜ ልነግርሽ ስልኬን አንስቼ ነበር። ከዚያ ራሷ ትየው ብዬ ተውኩት።"

ልጅቷ ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ አየቻት።

ቀዩ ፒክአፕ በመንገዱ መታጠፊያ ብቅ ብሎ ቆመ። ራንዲ መስኮቱን አወረደ።

"ነይ፣ የኔ ቆንጆ። በረደሽ አይደል? ተናድጄ እኮ ነው። ነይ ግቢ።"

ያ ለስላሳ ድምፅ ማታ ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን ዳርላ አሳምራ ታውቃለች። ቀኝ ወንበሯ ላይ ያለው የምሳ ዕቃዋ ብቻ ነው፤ አንስታ ወደ ኋላ ብትወረውረው ቦታ አለ። ብሪያና የጂፑን በር እጀታ ያዘች።

"ሚስ ዳርላ?"

ዳርላ ወደ ፊት እያየች የበሩን ቁልፍ ተጫነችው።

ብሪያና ሲቆለፍ ሰማችው። እጀታውን ለቃ በጭቃው ወደ ቀዩ መኪና ሄደች።