ለወፍ የተሰቀለው ሲዲ

እህቴን ኢማንን ያየ ሁሉ «ቁርጥ እንድሪስን!» ይላል። እሷ ግን እውነት ይሁን ውሸት የምታመሳክርበት ፎቶ አልነበራትም። አባታችን እንድሪስ የሞተው እሷ በእናታችን ሆድ ሳለች ነው። አላህ ይዘንለትና፣ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። በመታወቂያው ላይ ያለው ፎቶም ፊቱን ማኅተም በልቶታል።

ከዒድ በኋላ አጎቴ ሙኽታር ከጨፋ ሮቢት መጥቶ አንድ አሮጌ ካሜራ ከነገመዶቹ ሰጠን። በሰርጉ፣ በኒካሑ ቀን ጓደኞቹ እየተቀባበሉ ያነሱበት ነው። «እንድሪስም ሳይኖርበት አይቀርም» አለ። ኢማን ያን ቀን ምሳዋን ትታ ካሜራውን ስታገላብጥ ዋለች።

ካሜራውን ይዘን ከሚሴ መሀል፣ ሙስዐብ ኮምፒውተር ቤት ገባን። የካሜራው መስታወት ጠቁሯል፣ ምንም አያሳይም። ካርዱ ከሙስዐብ ማንበቢያዎች ከአንዱም አልገጠመም። በገመድ ሲሰካም ኮምፒውተሩ አላውቀውም አለ።

«አብሮት የመጣ ሲዲ ነበረው፤ ያለሱ አይግባቡም» አለ ሙስዐብ።

ለአጎቴ ደወልኩ።

«ማል ጄቴ? ምን አልሽ? ሲዲው? ማሽላው ላይ ሰቅዬዋለሁ እኮ! ሲያብለጨልጭ ወፉ እንዴት እንደሚሸሸው ብታዪ፣ ወላሂ!»

ደሜ ፈላ። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ በማግስቱ ጨፋ ሮቢት ሄጄ ሲዲውን ከማሽላው መሀል ፈትቼ አመጣሁ። ሙስዐብ ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። ፀሐይ ልጦት ማዶው ይታያል።

«ለወፎቹ መልሺላቸው» ብሎ ሳቀ። «ለነገሩ ደህና ቢሆንም የኔ ኮምፒውተር ሲዲ መክተቻ የለውም።»

«ይሄን ሳልሄድ አትነግረኝም ነበር?» ጮህኩበት።

«አብሽሪ፣ ሌላ መላ ነዋል» አለና ከገመዶቹ መሀል ጫፏ ቢጫ የሆነች አንዲት መዘዘ። «ያ የድሮው ሆዳም ቴሌቪዥን ቤታችሁ አለ?»

አለ። እናቴ ዘይና ጨርቅ አልብሳ የአበባ ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ሙስዐብ ቤት ድረስ መጥቶ አበባውን አወረደና ቢጫዋን ከካሜራው ወደ ቴሌቪዥኑ ሰካት። ቴሌቪዥኑ ትንሽ አጉረመረመና አጎቴ በነጭ ጀለቢያ ብቅ አለ። ኢማን እልል አለች።

ፎቶዎቹ ተራ በተራ አለፉ። አባቴ አለ፤ ግን አንዴ ጀርባው፣ አንዴ ጥምጣሙ፣ አንዴ ፊቱ ላይ የጋረደው መዳፉ። የኢማን ትከሻ እየወረደ ሄደ።

«አንዴ እንኳ ቢዞር ምን ነበረበት?» አልኩ። በሞተ ሰው ተናደድኩ።

የመጨረሻው መጣ። ዘሟል፣ ግማሹን የሰው ጣት ሸፍኖታል። በቀረው ግማሽ አባቴ ፊት ለፊት እያየን ይስቃል። የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው።

ኢማን ተንበርክካ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋችና የራሷን ፍንጭት በጣቷ ነካች። ያኔ እንባዬ መጣ።

«ይሄኛውን ማን ቢያነሳው ነው ዞሮ የሳቀው?» አለ ሙስዐብ፣ ምስሉን ከቴሌቪዥኑ ላይ በስልኩ ሊያነሳ እየተዘጋጀ።

እናቴ አውራ ጣቷን አየች።

«ያ ረቢ! እኔ ነኝ። ሙኽታር ሙሽራይቱን ሊያመጣ ሲሄድ ያዢልኝ ብሎኝ፣ ያልበራ መስሎኝ ዓይኔ ላይ አድርጌ ‹እስቲ እየኝ፣ ፎቶ አንሺ እመስላለሁ?› ብዬው ነበር። መነሳቱን እሱም አላወቀ፣ እኔም አላወቅሁ። እኔን እኮ ነው የሚያየው።» ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞራ «ዐፉ በለኝ፣ እንድሪስ፤ ሳላስፈቅድህ አነሳሁህ» አለች፤ አፏን በሻርፗ ሸፍና ግን ትስቅ ነበር።

ኢማን ካለችበት አልተነሳችም።

«አሁን እኔንም እያየኝ ነው» አለች።