የተበላው ፍሬን

ሳንቲም እየጎረሱ የሚያጫውቱ የመኪና ውድድር ማሽኖችን እጠግናለሁ። ዕድሜዬን የነዳጅ ፔዳል ስቀይር ነው የኖርኩት፤ ፍሬን ግን ቀይሬ አላውቅም። ሳንቲሙን ከፍሎ ፍሬን የሚይዝ ማን አለ? ቢጋጭስ ምን ይሆናል? መኪናው ይገለበጣል፣ ወዲያው ደህና ሆኖ መንገዱ ላይ ይቆማል። ሰውን የሚያስመጣውም ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ጥግ ያለውን ማሽን ስፈታ ግን የነዳጅ ፔዳሉ አዲስ ነው፤ የፍሬኑ ላስቲክ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል።

"ይሄን ማነው እንዲህ የጨረሰው?" አልኳት ገንዘብ ተቀባይዋን።

"የእህትህ ባል ናቸዋ። በየቀኑ ይመጣሉ። ልጆቹ 'ኤሊ' ብለዋቸዋል።"

እህቴ እሱ በሚነዳው መኪና ውስጥ ከጎኑ ተቀምጣ "ኧረ ቀስ በል" እያለችው ነው የሞተችው። እሱን ጭረት እንኳ አልነካውም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ዓይኔን እያየ "ቀኗ ደርሶ ነው" ብሎኛል።

አዲስ ፍሬን መግጠም ነበረብኝ። አሮጌውን ነቅዬ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።

መጣ። ሳንቲሙን አስገብቶ ቀስ እያለ መንዳት ጀመረ። ኩርባው ጋ ሲደርስ እግሩ ባዶ ቦታ ረገጠ፤ መኪናው ገደል ገባ። ወዲያው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ መንገዱ ላይ ቆመ። ዞር ሲል አየኝ።

"ፍሬን የለውም" አለኝ።

"ታዲያ ምን ቸገረህ ጋሼ" አልኩት። "እንደለመድከው ንዳ።"