ሳይነኩ መቁጠር

ሮማነወርቅን ይቅር በያት የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ዘመኑ ነው ይላሉ። ዘመኑማ የሁላችንም ነበር፤ እኔም እዚያው ውስጥ ነበርኩ፣ ጓደኛዬን ግን አልሸጥኩም። ነገሩን ልናገርና እናንተው ፍረዱ።

በ1975 ዓ.ም. ቡልቡላ በምትባል ትንሽ ከተማ ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ባለቤቴ ጉተማ ኦጋዴን ዘምቶ ከቀረ ወዲህ፣ ልጄን ጉዲቱን ይዤ ከባልደረባዬ ከሮማነወርቅ ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። አብረን እናበስላለን፣ በአንድ ጃንጥላ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ጉዲቱን ወባ በጣላት ቁጥር ሮማን ከእኔ እኩል ጨርቅ እየነከረች ግንባሯን ታቀዘቅዝላት ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ "ይቺን ልጅ ሆስፒታል ወደሚቀርብበት ውሰጃት፣ እዚህ አትዘልቅም" ሲለኝ፣ ናዝሬት እህቴ በላይነሽ ዘንድ ወሰድኳት። ከዚያ ወዲህ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ወደ ናዝሬት መዛወር። ማመልከቻ አስገባለሁ፣ "ታገሺ" ይሉኛል። ልጄን የማያት ትምህርት ሲዘጋ ነው። በሄድኩ ቁጥር ቁመቷ ጨምሮ ይጠብቀኛል፤ እሷም እንደ እንግዳ ሰው በጓዳ በር አጮልቃ ታየኛለች።

ታዲያ የክፍሌን ልጆች ማካፈል አልገባ ብሏቸው ተቸግሬ ነበር። አብዛኞቹ በቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። እኔ ሰሌዳው ላይ በአማርኛ "ተካፋይ፣ አካፋይ፣ ቀሪ" እያልኩ ስደረድር ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር መሬት ቆፍረው ገበጣ ሲጫወቱ አገኘኋቸው። እነሱ ሰዴቃ ይሉታል። ክፍል ውስጥ ማካፈል ሲባል ዕንባ የሚቀድማቸው ልጆች፣ ጉድጓዱን አየት ያደርጉና የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ እየተጯጯሁ ይወራረዳሉ። በራሴ ተናድጄ ሳቅኩ። ማካፈሉንማ ያውቁታል፤ ግራ ያጋባኋቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሒሳቡን ክፍለ ጊዜ ግራሩ ሥር አደረግሁት። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ ዙሪያው አሥራ ሁለት። አንድ ሕግ ብቻ ጨመርኩ፤ ጠጠሩን ከመንካትህ በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምትወድቅ ትናገራለህ፣ ከሳትክ ተራህ አለፈ። አሥራ አምስት ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ቢደርስህ በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየጣልክ አንድ ዙር ዘርተህ መነሻህ ትደርሳለህ፣ ሦስት ይተርፍሃል። የተረፈችህ ቀሪ ትባላለች እላቸዋለሁ። ከዚያ ክፍል ገብተን ያንኑ ሰሌዳ ላይ እንጽፈዋለን። ብዙም ሳይቆይ ጠጠሩንም ጉድጓዱንም ትተው በቃላቸው ማካፈል ጀመሩ። ደስታዬን የት ላድርሰው?

ሮማን አራተኛ ክፍል ታስተምር ነበርና መጥታ ቆማ ታየናለች። ቤት ስንገባም "እስቲ አሳዪኝ የሺ፣ ሲዞርስ እንዴት ነው?" ትለኛለች፤ እኔም ወለሉ ላይ ምስር እየደረደርኩ አሳያታለሁ። ቶሎ አይገባትም ነበር። ደጋግሜ አስረዳኋት፤ አንድም የሸሸግኋት ነገር የለም።

ሚያዝያ ላይ ናዝሬት ያለው የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ማዕከል የሒሳብ መምህር እንደሚፈልግና አንድ ሰው ከእኛ ትምህርት ቤት እንደሚወስድ ተነገረን። ርዕሰ መምህራችን ጓድ ኡርጌሳ ቢሮው ጠራኝና "ስምሽን ነው የማስተላልፈው። ብቻ የሂሱ ስብሰባ በሰላም ይለፍልሽ" አለኝ። እየሮጥኩ ሄጄ ለሮማን ነገርኳት። አቅፋኝ አለቀሰች። እውነተኛ ዕንባ ነበር፤ ዛሬም እሱ ነው የሚያበግነኝ።

የሂሱን ነገር ለማያውቅ ልንገር። ያን ጊዜ መምህራን ተሰብስበን ሂስና ግለሂስ እናደርግ ነበር። ባልደረባህን ትተቻለህ፣ አንተም ስትተች "ትክክል ነው፣ አጥፍቻለሁ" ትላለህ። ዝም ያለ ይጠረጠራል፣ የተከራከረ ደግሞ ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም አስተማሪ የሚያውቃት ዘዴ ነበረች። የሚተማመኑ ሁለት ሰዎች ቀደም ብለው ቤታቸው ይመካከሩና ቀላል ቀላሉን ሂስ ይከፋፈላሉ። ካድሬው ረክቶ ይሄዳል፣ ማንም አይጎዳም። እኔና ሮማን ሁሌም እንደዚያ ነበር የምናደርገው።

በዋዜማው ምስር እየለቀምን ተመካከርን።

"እኔን ምን ትዪኛለሽ?" አለችኝ።

"ጥፍሯን ቀለም ትቀባለች እልሻለሁ። የንዑስ ከበርቴ ጠባይ።"

ከት ብላ ሳቀች። "እኔ ደግሞ የጥዋት ሰልፍ ላይ ትዘገያለች እላለሁ።"

"እሱማ እውነት ነው" አልኳት።

በማግስቱ ከወረዳ የመጣው ካድሬ፣ ጓድ ነጋሳ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ስብሰባው ተጀመረ። እኔ ቀድሜ ተነሥቼ የጥፍሩን ነገር ተናገርኩ። ሰው ፈገግ አለ፣ ሮማንም "ትክክል ነው፣ አርማለሁ" ብላ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። ቀጥሎ ተራዋ ደረሰ። ተነሣችና ወደ እኔ ሳታይ ጀመረች።

"ጓድ የሺዓለም የሰፊውን ሕዝብ ልጆች የሒሳብ ጊዜ በገበጣ ታባክናለች። ገበጣ የሥራ ፈት ባላባቶች መዝናኛ ነበር። ልጆቹም መወራረድ ለምደዋል፤ ይህ የቁማር መጀመሪያ ነው። ደጋግሜ በግል መክሬያት አልሰማችኝም።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በግል መክሬያት! የመከረችኝ "እስቲ አሳዪኝ" እያለች ነበር። ቀና ብዬ ፊቷን ፈለግሁ፣ አልሰጠችኝም። ጓድ ኡርጌሳ መሬት መሬት ያያል።

"ጓድ የሺዓለም፣ ግለሂስዎን" አለ ካድሬው።

ብከራከር ቡልቡላም እንደማያቆዩኝ አውቅ ነበር። "ትክክል ነው። አጥፍቻለሁ" አልኩ። አፌ ውስጥ አፈር የገባ መሰለኝ። በበነጋው ልጆቹን ሰልፍ አስይዤ ጉድጓዶቹን በእጃቸው እንዲደፍኑ እኔው እንዳዝዝ ተወሰነብኝ፤ አዘዝኩ። ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ "ወደ ክፍል ግቡ" አልኳቸው።

የስብሰባው ዕለት ማታ ቤት ስገባ ሮማን ልብሷን ታጥፋለች።

"ሰልፉ የት ቀረ ሮማን?" አልኳት።

"አንቺስ በሰው ፊት በጥፍሬ አላዋረድሽኝም?"

"የተባባልነውን ነው የተናገርኩት!"

"በቃ የሺ፣ አትጩሂ። አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ሌላ ዕድል ይመጣልሻል። እኔ እኮ እዚህ አቧራ ውስጥ አርጅቼ መቅረቴ ነው።"

"ጉዲቱስ?"

ልብሷን ማጠፏን ቀጠለች። በእኔ ፈንታ የእሷ ስም ለማዕከሉ ተላለፈ። ከሳምንታት በኋላ ሻንጣዋን ጭና ናዝሬት ገባች፤ ጃንጥላውንም ይዛው ሄደች።

ክረምቱ ሲገባ፣ ገና ትምህርት እንደተዘጋ ናዝሬት ሄድኩ። ጉዲቱ ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጓዳ ገብታ አንድ ጣውላ ታቅፋ መጣች። አሥራ ሁለት ጉድጓድ ተፈልፍሎበታል፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ ጎኑ ላይ የማዕከሉ ማኅተም አርፎበታል። ጠጠሩም የመስታወት ዶቃ ሆኗል።

"እትዬ ሮማን ናት የሰጠችኝ። ትምህርት ቤታችን መጥታ ለሁላችንም አስተማረችን። ራሷ ናት የፈጠረችው። ቲቸራችን አስጨበጨበላት።"

"ጥሩ ነው" አልኩ።

"ቁጭ በይ ላሳይሽ። መጀመሪያ ሳትነኪ ትናገሪያለሽ። የመጨረሻዋ የት ትወድቃለች?" አለችና በትንሽ ጣቷ አንዱን ጉድጓድ ጠቆመችኝ።

አይቼዋለሁ። የት እንደምትወድቅ ዓይኔ ገና ሲያርፍበት አውቄዋለሁ፤ ግን ጣቴ ጎኑ ላይ ያለውን ማኅተም ይዳብሳል። ልጄ መጫወት ያልፈለግሁ መስሏት እንደሚያጽናና ሽማግሌ ትከሻዬን ዳበስ አደረገችኝ።

"ግድ የለም እማዬ። እትዬ ሮማን ነግራኛለች፣ አንቺ ጨዋታ አትወጂም። ቡልቡላ ልጆቹ ሲጫወቱ ተቆጥተሽ ጉድጓዳቸውን አስደፈንሽባቸው አለችኝ።"

ቦታዬን መውሰዷ፣ ሥራዬን መውሰዷ፣ እሱስ ይሁን። ይህን ግን ምን ብላ፣ ለምን፣ ለልጄ? ደግሞም የማስተባብለው ውሸት አልነበረበትም። አስደፍኛለሁ፣ በእኔው አንደበት።

"ማን ነው አልወድም ያለው? በይ ዝሪ!" አልኳት።

ድምፄ ሳላውቀው ከፍ ብሎ ኖሯል። ጉዲቱ ደነገጠችና ጣውላውን ወደ ደረቷ ስባ፣ ዶቃዎቹ እየተንጠባጠቡ ወደ አክስቷ ሮጠች።