መሐላ የሌላቸው አምስት ገጾች

እስከዳር የማንንም ሰው አነጋገር አስመስላ ትጽፋለች፤ የራሷን ግን የሚያነብላት አጥታለች። ያሳተመቻቸው ሁለት ልብ ወለዶች በካርቶን እንደታሸጉ አልጋዋ ሥር ተቀምጠዋል። አንድ መምህር አንብቧቸው፣ «እያንዳንዱ ምዕራፍ የሌላ ሰው ይመስላል» ብሏት፣ ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ የሐጂ ሸሪፍ ልጅ ፈህሚያ፣ «አባባ የሕይወት ታሪኩን ሳይጨርስ ሞተ፤ በእሱ አነጋገር ጨርሺልን» ስትላት አልተግደረደረችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ ከሽፋኑ ላይ፣ ከሐጂ ሸሪፍ ስም ሥር፣ የእሷም ስም ይጻፍ። ፈህሚያም እሺ አለች።

ሐጂ ሸሪፍ በጭነት ማኪና ከጎንደር ዛሪማ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ወሬያቸውን በተረት ከፍተው በመሐላ ይዘጉታል፤ በጤናቸው ከጻፉት ውስጥ «ወላሂ» የሌለበት ገጽ የለም። እስከዳር በሦስት ወር ተረቱንም መሐላውንም ለምዳው ሰባት ምዕራፍ ጻፈች። ያስቸገሯት ሐጂ ራሳቸው በሕመማቸው ሰሞን የጻፏቸው አምስት ገጾች ናቸው። ተረት የላቸው፣ መሐላ የላቸው። አንጀቷን ስለበሉት ቃል ሳትነካ በመጨረሻው ምዕራፍ ውስጥ አስገባቻቸው።

የረቂቁ ንባብ ቅዳሜ ቀትር ከዙህር ሶላት በኋላ በሐጂ ሳሎን ሆነ። ባለቤታቸው እትዬ ሰኪና ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ፣ እስከዳር ከራሷ በፈጠረችው ቀልድ ሳቁ። «ሸጋ፣ እሱ ራሱ» አሉ። ፈህሚያማ ሰውየው ተናግረውት የማያውቁትን ነገር፣ «ይሄን መቶ ጊዜ ነግሮናል» አለች። እስከዳር በሆዷ ፎከረች።

ከዚያ አምስቱ ገጾች ደረሱ። «ሊማሊሞ ላይ ጉም ሲወርድ ማኪናውን አቆምኩና አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ምነው እስከዳር፣» አለች ፈህሚያ፣ «እዚህ ላይ የራስሽን ጨመርሽ እኮ። አባባ አያለቅስም።»

እስከዳር ዋናውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እትዬ ሰኪና የባላቸውን የእጅ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ቀስ ብለው አነበቡ።

«ጽሕፈቱ የእሱ ነው፤» አሉ። «ግን ታሞ ነበር። እውነተኛው ሸሪፍ አንቺ የጻፍሽው ነው።»

«እንግዲያው ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝና ስሜን ጻፉልኝ።»

«ይሄን ያህል አባባን ከመሰለ፣ የሌላ ሰው ስም ምን ይሠራለታል?» አለች ፈህሚያ። በክፋት አልነበረም፤ እስከዳርን ይበልጥ ያንገበገባትም ይኸው ነው። ሰው በሠራው አጥር ላይ ስሙን ባይጽፍ ምንም አይደል፣ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ሳይጻፍ ቢቀር ግን ምን ይባላል?

ወረቀቷን ሰብስባ ስትነሣ እትዬ ሰኪና እጅጌዋን ያዟት።

«አምስት ገጽ ሲጽፍ ስሜን አንዴ አላነሣም። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ። እስቲ አንቺ አንሺልኝ፣ በእሱ አፍ።»

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጇ ሆነባት። እስከዳር እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ የሴትዮዋን ፊት አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። ተረቱ መጣ፣ መሐላው መጣ፣ «ሰኪናዬ» የሚለው መጣ። ባዶ ገጽ አውጥታ አንድ ቃል ሳትሰርዝ ሞላችውና አነበበችላቸው።

እትዬ ሰኪና ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላወጡትን እንባ አወጡት። ወረቀቱን ከእስከዳር እጅ ወስደው ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«አላህ ይዘንልህ ሸሪፍ፣» አሉ፣ «ለካ ታውቀኝ ነበር።»

እስከዳር በሁለቱ መጽሐፎቿ አንድ ሰው አስለቅሳ አታውቅም፤ አሁንም ያስለቀሱት ሐጂ ናቸው።