ሎስ አንጀለስ፦ አንድ ሰዓት ከአስር

ባሌ ፈክረዲን ኤርፖርት ታክሲ ስለሚነዳ፣ አብራሪዎቹን ሁሉ እሱ ያሰለጠናቸው ይመስለዋል። በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት፣ የረመዳንን መጨረሻና ዒድን ሎስ አንጀለስ እናትና አባቴ ጋ ልናሳልፍ ስንል ቲኬቱን የገዛው እሱ ነው። ዳላስ አጠገብ፣ ኧርቪንግ ያለው አፓርታማችን እየፈነጠዘ ገባ።

"ዘይቱና! ዘጠኝ ሰዓት ተነስተን አስር ከአስር እንደርሳለን። አንድ ሰዓት ከአስር ብቻ! እዚህ የምናፈጥረው አስራ ሁለት ሰዓት ነው፤ እዚያ ግን አስራ አንድ ከሃያ አምስት። ሶ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጾም ተቀነሰልኝ!"

"መሃል ላይ ኒው ሜክሲኮና አሪዞና የሚባሉ አገሮች አሉ እኮ" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ ስለ በረራ ምን ታውቂያለሽ?"

እንዲህ ካለኝማ አፌን ዘጋሁ። እናቴ ጋ በደወልኩ ቁጥር ሰዓታቸው ከኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቲኬቱ ላይ ያለው መድረሻም በነሱ ሰዓት ነው። የታባቱ፣ ይበለው!

ለሱ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ፈክረዲን ረሃብ አይችልም። በየዓመቱ አንድ ሁለት ቀን ሳይበላ አይቀርም፤ አባቴም በስልክ "ያ ጾመኛ እንዴት ነው?" እያሉ ይስቁበታል። ዘንድሮ ሃያ አራት ቀን አንዲትም ሳያጎድል ጾሟል። አባቴ ፊት ቀና ብሎ መቀመጥ አማረው።

ዐውሮፕላኑ ላይ እኔ የቺዝ ሳንድዊቼን ገመጥኩ። "አንተም መንገደኛ ነህ፤ ተፈቅዶልሃል፤ ብላ" ስለው፣ "ለአንድ ሰዓት መንገድ?" ብሎ ሳቀብኝ።

በእጅ ሰዓቱ አስር ከአስር ሆነ፤ ከታች በረሃ ነው። አስራ አንድ ሆነ፤ አሁንም በረሃ። አስተናጋጇን ጠርቶ "መንገድ ስተን ነው?" አላት።

"ኧረ ገና አንድ ሰዓት ይቀረናል፤ ሎስ አንጀለስ እኮ አሁን ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው" ብላው ሄደች።

ሰዓቱን አየ፣ ፀሐይዋን አየ፣ ዞሮ እኔን አየ።

"አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ?"

"እኔ ስለ በረራ ምን አውቃለሁ?"

አስራ ሁለት ሲሆን ዳላስ ያሉ ጓደኞቹ እያፈጠሩ ነው። እሱ ለማፍጠሪያ የያዘውን ተምር በእጁ ይዞ በመስኮት ያፈጣል፤ ፀሐይዋ ንቅንቅ አትልም። ከንፈሩ ደርቋል። አሁንስ ከልቤ አሳዘነኝ።

"ፈክሩ፣ በአላህ ብላ።"

"አባትሽስ?" ብሎ ተምሩን ኪሱ ከተተ።

አባቴ ቤት ደርሰን፣ በዳላስ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል አፈጠረ። የመጀመሪያውን ተምር ሲጎርስ እንባው መጣ። አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

"አበጀህ ልጄ! ግን መንገደኛ ሆነህ ማን ጹም አለህ? እኔ እናንተ ጋ ስመጣ እየበላሁ ነው የምመጣው።"

ፈክረዲን ማኘኩን አቆመ። ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ።

"ዘይቱና፣ ቲኬቱን ቸንጅ አድርጊ። ነገ እንመለሳለን።"

"ዒድንስ?"

"ወደ ዳላስ ሲኬድ ቀኑ ያጥራል አይደል? ዒድ ሳይቀድመኝ በትርፍ የጾምኩትን ሰዓቴን ላስመልስ!"